ይህን ያህል የሚጾም ሕዝብ እንዴት ይገዳደላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ አማራ ክልል ወሬ በተነሣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ከአንድ ሰው አፍ መውጣቱ አይቀርም። አንዳንዱ ከልቡ አዝኖ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ለማሽሟጠጥ። እኔ የጋይንት ልጅ ነኝ፤ እናቴ የስማዳ ናት፤ እስቴ ደግሞ ግማሽ ዘመዶቼ ያሉበት አገር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ስለማላውቀው «ሕዝብ» ሳይሆን ስለ እናቴ፣ ስለ አጎቶቼና ስለ ነፍስ አባታችን የተጠየቀ ያህል ይሰማኛል። መጀመሪያ የሚመጣብኝ ቁጣ ነው። ቁጣው ሲበርድ ግን ጥያቄው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ዛሬ ልመልሰው ልሞክር።

መጀመሪያ ጾሙን እንየው። ሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት ሲደመሩ ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ ካህናቱና መነኮሳቱ ደግሞ ወደ 250 ቀን ይጠጋሉ። ይህ በመጽሐፍ ተጽፎ የቀረ ቁጥር አይደለም። ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ ድረስ ባለው አገር፣ ረቡዕና ዓርብ ወተት የሚቀምሰው ሕፃን ልጅ ብቻ ነው። እረኛው ላሟን አልቦ ጣቱን አይልስም።

ልብ በሉ፤ ይህ የተትረፈረፈለት ሰው ጾም አይደለም። ጾመ ሐዋርያት የሚገባው ክረምቱ ሲቃረብ፣ የቀረው እህል ለዘር ሲወጣ፣ ጎተራው ሲራቆት ነው። ስማዳና ሁለቱ ጋይንቶች በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። የራሱ ምርት ዓመቱን ሙሉ የማያደርሰው ቤተሰብ ብዙ ነው። እንግዲህ የሚበላው ያጣ ሰው «ጾም ነው» ብሎ አንገቱን ሳይደፋ የሚያልፍበት ወቅት አለ። ባለጸጋውም ድኻውም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ያንኑ ሽሮ ይበላሉ። ጾም ለድኻ ሰው ክብር መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው።

ይሁንና አባቶች ጾምን ብቻውን አላስተማሩንም። ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ሦስቱ አብረው ነው የሚሄዱት። ያልበላኸው ምሳ የሌላ ሰው እራት ካልሆነ፣ ያስቀረኸው እህል በጎተራህ ውስጥ ቁጠባ ሆነ እንጂ ጾም አልሆነም። ስለዚህ የዚያን አገር ክርስትና ለመመዘን መጠየቅ ያለብን «ስንት ቀን ጾሙ?» ብለን አይደለም። ጾሙን ከጎረቤት ጋር ያስተሳሰሩት ነገሮች ምን ነበሩ? ዛሬስ ምን ደረሰባቸው? ብለን ነው።

በደጃፍ የሚቆመው ልጅ

ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የሚባል ደብር አለ። የድጓ ማስመስከሪያው እርሱ ነው። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ ሰው «መምህር» ለመባል ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው፤ እርሱም እዚያው ጋይንት ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ ልጆች ቤታቸውን ጥለው ወደዚህ ሲመጡ ኖረዋል።

እነዚህን ልጆች ማን መገባቸው? መንግሥት በጀት አልያዘላቸውም፤ ድርጅት አልደገፋቸውም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ የሚቆመውን ልጅ የመገበው የጋይንት ገበሬ ነው። በትክክል ለመናገር የገበሬው ሚስት ናት። እናቴ ገና ለልጆቿ ሳታቀርብ ከእንጀራው ጫፍ ቁራሽ ትለይ ነበር። ድግስ ስላለ አይደለም፤ ተማሪው ስለሚመጣ ነው። ባልተረፈባት ቀን ባዶ እጇን አትሸኘውም፤ የተቆላ ባቄላ ትዘግንለታለች። ያም ከጠፋ «እግዜር ይስጥልኝ በል ልጄ» ብላ ታሰናብተዋለች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ይጠቁራል።

ይህን የምነግራችሁ ለትዝታ አይደለም። የቤተልሔም ዜማ ዛሬ በአዲስ አበባም በባሕር ማዶም ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ይዜማል። ያንን ዜማ ከትውልድ ትውልድ ያደረሱት መምህራን ቢሆኑም መምህራኑን በተማሪነት ዘመናቸው ያደረሳቸው የእናቶች ቁራሽ ነው። ልጁ ከየት እንደመጣ፣ የማን ወገን እንደሆነ፣ ምን ቋንቋ እንደሚናገር ማንም በር ላይ አይጠይቀውም። ከተንቤን የመጣውም ከላስታ የመጣውም «የኔታ ጋ የሚማር ልጅ» ነው። ፖለቲካችን ስለ አንድነት መዝሙር ሲያዘምረን በኖረበት ዘመን፣ አንድነት ሳይታወጅ የተኖረው በዚህች ደጃፍ ላይ ነበር።

መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ የማይታወቅ ወጣት በታየ ቁጥር «ማን ነህ? ከየት መጣህ? ማን ላከህ?» መባል ሲጀመር፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ልጅ ነው። አኩፋዳ ያነገተ ልጅ ያለ ስጋት በየመንደሩ የሚዞርበት አገር እና ማንኛውም እንግዳ የሚጠረጠርበት አገር፣ ካርታ ላይ አንድ ስም ቢኖራቸውም አንድ አገር አይደሉም።

የተጣላ ጽዋ አይጠጣም

ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወጥቶ ወደ ቤት የገባው ትልቁ ነገር ማኅበር ነው። የከተማ ሰው ማኅበርን በወር አንድ ቀን በቅዱሱ ስም ተሰብስቦ መብላትና መጠጣት አድርጎ ያየዋል። መብላቱ አለ። ተራ የደረሰው ሰው ጠላውን ይጠምቃል፣ ዳቦውን ይጋግራል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ነዳያን ይቀመጣሉ፤ ማታ ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ ወደሚቀጥለው ተረኛ ቤት ይሸኛል። የማኅበሩ አስኳል ግን መብሉ አይደለም፤ ሕጉ ነው። የተጣላ ሰው ጽዋ አይጠጣም።

እናቴ የ21 ማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። አንድ ወር ተራው የእኛ ሆኖ፣ እኛ ልጆች ዳቦው እስኪቆረስ በር ላይ ተኮልኩለን ስንጠብቅ፣ የማኅበሩ ሙሴ እንደ ልማዳቸው «የተቀያየመ አለ?» ብለው ጠየቁ። ዝም ተባለ። ቆይቶ አንዲት ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ለመውጣት ተነሣች። ባሏና የሌላዋ ማኅበርተኛ ባል በድንበር ተጣልተዋል፤ አንዱ ሲያርስ የሌላውን ድንበር ገፍቶ ሁለት ፈር ገብቷል። ሙሴው ጽዋውን መልሰው ሸፈኑት። ካህኑም አልባረኩም። ዳቦው ፊት ለፊታችን እንደተቀመጠ ፀሐይ ጠለቀች። ባሎች ተጠሩ፤ መጀመሪያ አንመጣም አሉ፤ ከዚያ መጡ። በማግስቱ ሽማግሌዎች ማሳው ላይ ወርደው የድንበሩን ድንጋይ ከነበረበት መለሱት። ዳቦውን የበላነው ያን ዕለት ነው፤ ደርቋል።

ሁለት ፈር መሬት ለከተማ ሰው ምንም አይደለም። የአንድ አባወራ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በማይሞላበት አገር፣ ያም ለልጆች ሲከፋፈል በሚያንስበት አገር፣ በሁለት ፈር ሰው ይሞታል። የአንድ ሰው ሞት ደግሞ ደም መላሽ ይወልዳል። ያቺ የተሸፈነች ጽዋ ያን ዕለት ምናልባት ሁለት ሰው አድናለች። ወንጌሉ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። የጋይንት ሴቶች ይህን ትእዛዝ ወስደው የቤት ሕግ አደረጉት።

ማኅበሩ ሌላም ሥራ ነበረው። በመስከረምና በጥቅምት ወንዶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ሲወርዱ፣ ቤት የቀረችው ሴት ብትታመም ውኃ የሚቀዳላት፣ ከብቷን የሚያግድላት ማኅበርተኛ ነው። ባሏ እጁን ቢያነሣባት መጀመሪያ የሚያምናት ማኅበርተኛ ነው። የነፍስ አባት መጥቶ ባልየውን የሚገሥጸውም ብዙ ጊዜ ማኅበርተኞች ስለጠሩት ነው። ፍርድ ቤት ሩቅ ነው፤ ጽዋው ግን ቅርብ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እንዲያው ለአባባል አይደለም።

ነገር ግን ይህንን ሳወድስ የማልሸፍነው እውነት አለ። ጽዋው የማይዞርባቸው ቤቶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ጠላ የምትጠምቅበት ጌሾና ብቅል የሌላት ድኻ ተራ መቀበል ስለማትችል ማኅበርተኛ አትሆንም፤ በነዳይነት ትቀመጣለች እንጂ። ከዚህ የከፋው የባለ እጁ ነገር ነው። ቀጥቃጩ ማረሻችንን ይሠራል፤ ሸክላ ሠሪዋ ምጣዳችንንና ገንቧችንን ትሠራለች። ተጠምቀዋል፣ ይጾማሉ፣ ይቆርባሉ። ግን «ቡዳ ናቸው» ተብለው በጋብቻም በጽዋም ይገለላሉ። የቅዳሴውን ጽዋ ከእኛ ጋር የተቀበለ ሰው የጠላውን ጽዋ እንዴት ይከለከላል? ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ አጎቴን ጠይቄው «አባቶቻችን እንዲህ አገኙን» አለኝ። አባቶቻችን ብዙ ነገር አውርሰውናል፤ ይህኛውን ግን ወንጌል አላወረሳቸውም።

በሬው የታረደበት ተዝካር

ቤተልሔም ደብር ስላለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር ላንሣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ቶማስ ፓከንሃም የተባለ እንግሊዛዊ እዚያ ደርሶ፣ ከውጭ ሲታይ እንደማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሆነው ሣር ክዳን ውስጡ ሌላ ነገር እንደያዘ አየ። ውስጥ ያለው በድንጋይ የተሠራ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ለአካባቢው ሰው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ለዓለም ግን ነበር።

ተዝካራችንን ሳስብ ያ ሕንፃ ይታየኛል። ውስጡ ጥንታዊና ጽኑ ነው፤ በላዩ የዞረበት ሌላ ነው።

የውስጡ ይህ ነው። ሰው ሲሞት በሣልስቱ፣ በሰባቱ፣ በአሥራ ሁለቱ፣ በሠላሳው፣ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በመንፈቁና በዓመቱ ይታሰባል። መታሰቢያው ጸሎተ ፍትሐት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። ለሟች የሚጠቅመው የተጸለየለትና በስሙ ለድኻ የተሰጠው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሲያስተምሩ የኖሩትም ይህንኑ ነው። ወንጌሉም ግብዣ ስታደርግ ብድር የሚመልሱልህን ጎረቤቶችህንና ባለጸጎችን ሳይሆን ድኾችን፣ አንካሶችንና ዕውሮችን ጥራ ይላል።

የውጩ ደግሞ ይህ ነው። አርባው ሲደርስ በሬ ይታረዳል፣ ጠላው በጋን ይጠመቃል፣ አረቄው ይወጣል፣ ዳስ ይጣላል፣ የሦስት ቀበሌ ሰው ይጠራል። «የእገሌ ተዝካር እኮ ጠላ አነሰበት» መባል ከሞቱ ራሱ የባሰ ኀዘን ነው። ነዳያኑ ከዳሱ ውጭ ይቀመጣሉ፤ የሚደርሳቸው የተረፈው ነው።

አንዲት ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት በጥር ነበር። ሦስት ልጆች ነበሯት፤ አንድ በሬ ነበራት። ባንድ በሬ አይታረስም፤ ባሏ በሕይወቱ ሳለ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ነበር የሚያርስ። የአርባው ድግስ ላይ ያ በሬ ታረደ፤ ለእህሉም ተበደረች። ክረምቱ ሲመጣ የምታቀናጀው በሬ ስለሌላት መሬቷን ለእኩል ሰጠች። ለእኩል መስጠት ማለት የምርቱን ግማሽ ለአራሹ መስጠት ነው። ከተረፈው ግማሽ ላይ ብድሩ ሲከፈል የቀረው ለአራት ነፍስ እስከ የካቲትም አላደረሰም። ትልቁ ልጇ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ለሰው እረኛ ሆነ። በሌላ አነጋገር የሟቹ ነፍስ እንዲያርፍ ተብሎ በተበላው በሬ፣ የሟቹ ልጆች ለዓመታት ተራቡ። ያን ድግስ የበላነው ሁላችንም ነን። ነፍስ ይማር ብለን፣ ጠግበን ነው የወጣነው።

ይህን ስናገር «ባህላችንን ሊያጠፋ ነው» የሚል ስለማይጠፋ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በቅንነት ላስቀምጥ። ተዝካር ከንቱ ውዳሴ ብቻ አልነበረም። ሥጋ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚቀመስበት አገር፣ ድኻውና የቆሎ ተማሪው ሥጋ የሚያገኙት በተዝካር ነበር። ሀብታሙ የደለበውን የሚያካፍልበት ሥርዓት ነበር። ደግሞም ለሟች ባለመደገስ ውስጥ እውነተኛ የልብ ሕመም አለ፤ ሰው አባቱን በዝምታ አፈር አልብሶ መቅረት አይችልም። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ሥርዓቱ የተበላሸው ለባለጸጋ የተሠራው ለመበለቲቱም ግዴታ ሲሆን ነው። ካለው ላይ የሚሰጥበት ሥርዓት ከሌለው ላይ የሚወሰድበት ሲሆን ክርስትናነቱ ያበቃል።

መፍትሔውም ቢሆን ተዝካርን መከልከል አይደለም፤ ወደ ውስጠኛው ቤት መመለስ ነው። ጸሎተ ፍትሐቱ ይደረግ፤ ቅዳሴው ይቀደስ፤ አንድ መሶብ ለነዳያን፣ አንድ መሶብ ለየኔታ ተማሪዎች ይቅረብ። ሰው ደግሞ ባዶ እጁን መጥቶ ጠግቦ ከመሄድ፣ ይዞ መጥቶ ለሟች ልጆች ትቶ ይሂድ። ይህን ለመጀመር ሲኖዶስ እስኪሰበሰብ መጠበቅ አያስፈልግም። የአንድ ደብር ካህናትና የአንድ እድር ዳኞች ከተስማሙ ይበቃል። ብቻዋን «አልደግስም» የምትል መበለት ትታማለች፤ አጥቢያው በሙሉ ቢስማማ ግን የሚያማት አይኖርም።

ነሐሴ 2013

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ።

የሰሜኑ ጦርነት ጨጨሆን አልፎ ላይ ጋይንት ሲገባ ወቅቱ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነበር። የትግራይ ተዋጊዎች ነፋስ መውጫን ይዘው የቆዩት ለዘጠኝ ቀን ያህል፣ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ነው። ቀኑን አስተውሉ፤ ጾመ ፍልሰታ ነው። ሕፃናት ሳይቀሩ የሚያስቀድሱበት፣ እናቶች በየደብሩ የሚከትሙበት፣ ከዓመቱ ሁሉ የእመቤታችን ጾም የሚባለው። በእነዚያ ቀናት ነፋስ መውጫ ውስጥ በሴቶች ላይ የተፈጸመውን መደፈር አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን አነጋግሮ በ2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጎታል፤ አብዛኞቹ በቡድን የተደፈሩ ናቸው። ደፋሪዎቹም የተደፈሩትም ፍልሰታን የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸው የማይዋጥ እውነት ነው። በትግራይ እናቶች ላይ ሌሎች ታጣቂዎች የፈጸሙትም እንዲሁ በጾምና በበዓል መካከል የተፈጸመ ነው። የአንዱን አንሥቶ የሌላውን መደበቅ የእኔ ክርስትና አይፈቅድልኝም።

እዚህ ላይ የማነሣው ግን የወንጀለኞቹን ጉዳይ አይደለም፤ እርሱ የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ ሊጠየቁም ይገባል። የማነሣው ከዚያ በኋላ የመጣውን የእኛን ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ሴት ወደ ጎረቤቷ፣ ወደ ባሏ፣ ወደ ማኅበሯ ስትመለስ ምን ይጠብቃታል? ሐሜት። «እርሷ እኮ…» ተብሎ የሚቋረጥ ዓረፍተ ነገር። ዓይን። የሚራራላት እንኳ ስሟን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚጠራው፤ ኃፍረቱ የእርሷ ይመስል።

ቤተ ክርስቲያናችን የተደፈረችን ሴት ኃጢአተኛ አትልም። ይህን እያንዳንዱ ካህን ያውቃል። ማወቅና ከዐውደ ምሕረት ላይ ጮክ ብሎ መናገር ግን የተለያዩ ናቸው። የነፍስ አባት ወደ ቤቷ ገብቶ፣ መስቀሉን አሳልሞ፣ ባሏ እየሰማ «ልጄ፣ አንቺ አልበደልሽም፤ የተበደልሽ ነሽ» ቢላት፣ ከየትኛውም የሥነ ልቦና ሥልጠና በፊት የሚደርስላት መድኃኒት ይህ ነው። ማኅበርተኞቿ በወሩ ጽዋውን እርሷ ቤት ቢያስገቡ፣ ጠላውን ጠምቀው ዳቦውን ጋግረው እነርሱ ይዘው ቢመጡ፣ መንደሩ በሙሉ የሚያነበው ደብዳቤ ይሆናል። «የእኛ ናት» የሚል ደብዳቤ። ይህን ያደረጉ ሴቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስማቸውን እንድጽፍ አይፈልጉም። ያላደረግን ደግሞ ብዙ ነን። 180 ቀን መጾም ይህን አንድ ነገር ከማድረግ ይቀላል።

ጠመንጃው ዝም ሲል

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ክልላችን ያለበትን የዚህ ቻናል አንባቢ ያውቀዋል። ማን ልክ ነው የሚለውን ክርክር በየቀኑ ታነባላችሁ፤ እኔ ዛሬ አልጨምርበትም። ስለ መንደሩ ግን አንድ ፍርሃት አለኝ።

አገራችን ደም የማድረቅ ሥርዓት አላት። ሰው ሲገደል ገዳዩ ይሸሻል፤ ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው በሟች ወገን ደጅ ይወድቃሉ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ ይመለሳሉ። በመጨረሻ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ቤተሰብ ፊት ይቀርባል፣ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል፣ የደም ካሳው ይቆረጣል፣ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ። አንዳንዴ ከዚያ አልፎ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሣል፤ ደመኛ የነበረው አበልጅ ይሆናል። አበልጅ ደግሞ ዘመድ ነው፤ በልጆቻቸው መካከል ጋብቻ እስከሚከለከል ድረስ ዘመድ።

ይህ ሥርዓት የሚሠራው ሦስት ነገሮች ስላሉት ነው። ገዳዩ ይታወቃል፤ ጥፋቱን ያምናል፤ የሟች ወገን ፊት ለፊት ቆሞ ይሰማዋል። የዛሬው ሞት ሦስቱንም አሳጥቶናል። ከሰማይ የወረደውን ማን እንደተኮሰው አይታወቅም። በሌሊት በር ያንኳኳው ስሙን አይናገርም። በመካከል የሚገባው ሽማግሌ ደግሞ በአንዱ ዘንድ የዚያኛው ሰላይ፣ በሌላው ዘንድ የዚህኛው ካድሬ ይባላል። የሽማግሌ ትልቁ ሀብቱ መታመኑ ነበር፤ እርሱን ከወሰዱበት ነጭ ጋቢ የለበሰ አረጋዊ ብቻ ነው የሚቀረው።

ፍርሃቴ ግን ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ስለሚመጣው ነው። የትኛውም ጦርነት አንድ ቀን ያበቃል፤ ወታደሩም ታጣቂውም ወደ ቤቱ ይገባል። እዚያው የሚቀሩት «ልጄን ጠቁሞ ያስገደለው እገሌ ነው» የሚሉና የሚባሉ ጎረቤቶች ናቸው። በአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፣ በአንድ ደብር ያስቀድሳሉ፣ ማሳቸው ይዋሰናል። ይህን ቂም የትኛውም የሰላም ስምምነት አያርቀውም፤ ስምምነቱ የሚፈረመው በሩቅ ከተማ ነው፤ ቂሙ ያለው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቀበሌዎች ነው። ያን ቀን የሚጠየቁት ሙሴዎች፣ የነፍስ አባቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ዛሬ ከወገንተኝነት ካልጠበቅናቸው ያን ቀን አናገኛቸውም።

ስለዚህ ከሁሉም ወገን ላለ፣ ይህን ለሚያነብ ሰው የምለው አጭር ነው። ሽማግሌውን አትንኩ። ካህኑን የወሬ አቀባይ አታድርጉት። አኩፋዳ ያነገተውን ልጅ አሳልፉት።

እንግዲህ ጥያቄው

ይህን ያህል የሚጾም ሕዝብ እንዴት ይህን ያህል ይገዳደላል? የእኔ መልስ ይህ ነው። ብቻችንን የምናደርገውን ጾም አጥብቀን ያዝነው፤ ከሰው ጋር ያስተሳሰሩንን ነገሮች ግን አላላናቸው። ጽዋው ድግስ ሆነ፤ ተዝካሩ ዕዳ ሆነ፤ ሽማግሌው ተጠርጣሪ ሆነ። ጠያቂው ጾሙ ስላላዳነን ጾሙ ከንቱ ነው ብሎ ካሰበ ተሳስቷል። የቤቱ ምሰሶ አንዱ ብቻውን ጣሪያውን መሸከም ስላቃተው ምሰሶውን መንቀል አይደለም፤ የወደቁትን ማንሣት ነው።

አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ላለነው የአገሬ ልጆች ደግሞ የተለየ ድርሻ አለን። ገንዘብ አሰባስበን በትውልድ መንደራችን ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት እንወዳለን፤ መልካም ነው። ከዚያ ገንዘብ ላይ ግን ለቆሎ ተማሪው የዓመት ቀለብ፣ ለመበለቲቱ አንድ በሬ፣ ከትምህርት ቤት ለቀረው ልጇ ደብተርና ልብስ መቁረጥ እንችላለን። የሚቀጥለው የቤተሰባችን ተዝካር ሲመጣ ከአገር ቤት ስልክ ይደወልልናል፤ «ስንት ትልካለህ?» እንባላለን። የምንልከው ገንዘብ ስለሆነ ቃላችን ይሰማል። ያን ቀን «በሬው ይኑር» ማለት እንችላለን።

ያቺ ጎረቤታችን ዛሬ አርጅታለች። ልጇ ያኔ እንደቀረ ነው የቀረው፤ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። እርሷ ግን ዛሬም ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች፤ ለተማሪውም ቁራሽ ትለያለች።

ቸር ያሰማን።